ከቆረቡ በኋላ ሩቅ መንገድ አይኬድም፦ ሦስት ቀን በካልጋሪ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኤድመንተን መነሻ

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከኤድመንተን ወደ ካልጋሪ በአውቶቡስ ተነሣሁ። የሄድኩት የልጄ የማርታ ልጅ ክርስትና ስለምትነሣ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይህ ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ካልጋሪ ውስጥ እትዬ ለተብርሃን የምትባል ሴት አለች፤ ከእሷ ጋር ሃያ ሰባት ዓመት የቆየ ጉዳይ ነበረኝ።

ጉዳዩን ከመንገዱ በፊት ልንገራችሁ። ማርታም ክርስትና የተነሣችው እዚያው ካልጋሪ ነው፤ ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን ተከራይተን የምንገለገልበት አዳራሽ ምድር ቤት ነበር። እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በማዘጋጃ ቤት ስለሆነ አልቆርብም ነበር። ሕፃን ግን ይቆርባል፤ እናቱ አቅፋ ታቀርበዋለች። ልጄን አቅፌ ተሰልፌ መጋረጃው አጠገብ ስደርስ፣ የሴቶቹን ሰልፍ የምታስተካክለው ለተብርሃን እጇን ደረቴ ላይ ዘርግታ «የማትቆርብ እናት አታቀርብም፤ ወዲህ በያት» አለችና ልጄን ከእቅፌ ወሰደቻት። ሕዝቡ ሁሉ እያየ። የልጄን የመጀመሪያ ቁርባን በሰው ትከሻ መካከል አሾልቄ አየሁ፤ ማየት ከተባለ። በዓመቱ ወደ ኤድመንተን ተዛወርን። ሰው ሲጠይቀኝ «ለባለቤቴ ሥራ ብለን ነው» እል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አራት ካህናት ጠይቄአለሁ። አራቱም እናት ባትቆርብም ልጇን ማቅረብ እንደምትችል ነግረውኛል። አራተኛውን የጠየቅኩት ሦስቱን ተጠራጥሬ አይደለም፤ መስማቱ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ንስሐ ገብቼ መቁረብ ጀምሬአለሁ። አሁንም ከልጅ ልጄ ጋር ለመቁረብ ስዘጋጅ የንስሐ አባቴ «የተጣላሽው ሰው ካለ ታረቂ» አሉኝ። ስለዚህ ለለተብርሃን ደወልኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ። ስለ ብርዱ ጥቂት አወራንና ዘጋን። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ለንስሐ አባቴ «ታርቄአለሁ» አልኳቸው። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ለእሷ የምነግራት ሰባት ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከራሷ አፍ «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል።

በመንገድ

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ በበረዶ የተሸፈነ የእርሻ ሜዳ፣ አልፎ አልፎ ጀርባቸውን ለነፋስ የሰጡ ከብቶች። ከፊቴ የተቀመጠው ጎረምሳ ሳይጠይቀኝ ወንበሩን ጉልበቴ ድረስ ለጠጠው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሮዛ የምትባል ፊሊፒናዊት ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት ደስ አላት፤ እሷም ካቶሊክ ነች።

«እኛ ግንባሩ ላይ ትንሽ ውኃ እናፈሳለን፤ እናንተስ?» አለችኝ።

«እኛ እንነክራለን።»

«ሙሉ ሰውነቷን?»

«ሙሉ። ሦስት ጊዜ።»

«በጥር?»

«በጥር።»

ሮዛ አማተበች። እኔም በተራዬ ከመቁረባቸው በፊት ስንት እንደሚጾሙ ጠየቅኳት።

«አንድ» አለች።

«አንድ ቀን?»

«አንድ ሰዓት።»

ሳቄ አምልጦኝ ጎረምሳው ዞሮ አየኝ። እኛ አሥራ ስምንት ሰዓት እንደምንጾም ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። እሑድ አራት ሰዓት ላይ ለመቁረብ ከቅዳሜ አሥር ሰዓት ጀምሮ ውኃም ሳይቀር አፍ አይነካም። አውቶቡሱ ሬድዲር ላይ ለሩብ ሰዓት ሲቆም ወርዳ ዶናት ገዝታ መጣችና ሁለቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው ጊዜ ሳለሽ ብይ» አለችኝ። በላሁ። የማን ጥምቀት ትክክል እንደሆነ ብዙ ተከራከርን፤ ካልጋሪ ስንገባም አልተስማማንም። ስንለያይ ግን ተሳሳምን። ለሰባት ሰዎች ሰላምታ ከመስጠት ይልቅ እንዲህ ካለች ሴት ጋር መከራከር ይሻላል።

ካልጋሪ ስንደርስ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ ነበር። በምዕራብ በኩል ደመናው እንደ ቅስት ተነሥቶ ከሥሩ ሰማያዊ ሰማይ ይታያል። በረዶው ከጣሪያ ላይ ይንጠባጠባል። ከኤድመንተን ደርቤ የመጣሁት ካፖርት አስቂኝ አደረገኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኮርነርስቶን

የማርታ ቤት ከተማው የሚያልቅበት ኮርነርስቶን ነው፤ አዳዲስ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሜዳ ነው። ቤቱ በባሏ በናቲ ቤተሰብ ተሞልቷል። ስድስት ሆነው ከዊኒፔግ መጥተዋል፤ ምድር ቤቱንም ሳሎኑንም ይዘዋል። እኔ ከማርታና ከሕፃኗ ጋር መኝታ ቤት አደርኩ፤ ናቲ መሬት ላይ ተነጠፈለት።

ሕፃኗ ታምራለች። የቤት ስሟ ኖራ ነው። በአማርኛ ኖራ ግድግዳ የሚቀባ ነገር መሆኑን ለመናገር ስደርስ ስሙ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር።

ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የናቲ እናት ክርክር ከፈቱልኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ነገ ግን ሰማንያ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«በእኛ ጊዜ ሰማንያ ማለት ሰማንያ ነው» አሉ።

«ማዘር፣ ዴይ ኤይቲ ሐሙስ ነበር» አለች ማርታ። «ሐሙስ ደግሞ ቀሲስ ሺፍት አላቸው። ላይክ፣ ትራክ እየነዱ ያጥምቋት?»

«ፈቃድ መጠየቅ ነዋ!»

«ባፕቲዝም ብለው ኦፍ ይጠይቁ?»

የናቲ እናት ወደ እኔ ዞሩ። በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ፤ ሰማንያ ሰማንያ ነው። ግን ልጄን አሳልፌ ለዊኒፔግ አልሰጥም። «ሦስት ቀን ብታልፍ ምን አለበት፣ ጤነኛ ትሁን እንጂ» አልኩ። ማርታ ከኋላቸው ሆና ጠቀሰችኝ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሽሮ በልቼ፣ ውኃዬን ጠጥቼ፣ አፌን ዘጋሁ።

እሑድ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን

ጎህ ሳይቀድ ደረስን። የጥምቀቱ ገንዳ ትልቅ ፕላስቲክ ነው፤ ዲያቆኑ በማንቆርቆሪያ ያፈላውን ውኃ ከቀዝቃዛው ጋር እየቀላቀለ ነበር። የናቲ እናት ክርናቸውን ነክረው «ገና ነው፤ ጨምርበት» አሉት። ይህን ሳይ ትንሽ ወደድኳቸው። ቀሲስ ሕፃኗን ሦስት ጊዜ ነከሯት። በመጀመሪያው ጮኸች፣ በሁለተኛው ዝም አለች፣ በሦስተኛው አነጠሰች፤ ካህኑም ሳይቀሩ ሳቁ። ሜሮን ተቀባች፤ ማዕተብ ታሰረላት፤ ወለተ ሥላሴ ተባለች። የክርስትና እናቷ የናቲ እህት ናት።

ቅዳሴው ሲጋመስ ለተብርሃንን አየኋት። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከስታለች፣ አጥራለች፤ ግን እዚያው ቦታዋ፣ በሴቶቹ ሰልፍ ራስ ላይ ናት። የመቁረቢያው ሰዓት ሲደርስ ማርታ ሕፃኗን አስታቀፈችኝ።

«ማሚ፣ አንቺ ነሽ የምታቀርቢያት» አለችኝ። ነገሩን ታውቃለች፤ ነግሬአት አድጋለች።

ሰልፉ ቀስ እያለ ሄደ። ለተብርሃን ዘንድ ስደርስ እጇ ተነሣ። እኔም ሕፃኗን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። እጇ ግን ወደ ሕፃኗ እግር ሄደና የተገለጠውን በነጭ ጨርቁ ሸፈነ።

«ቀስ በይ፤ ምንጣፉ እዚህ ጋ ታጥፏል» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሌላ የለም። ሃያ ሰባት ዓመት ጠብቄ ስለ ምንጣፍ ተነገረኝ።

ሕፃኗ ቆረበች፤ እኔም ተከትዬ ቆረብኩ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ጥግ ሄድኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ አልዋሽም። ግን ዲያቆኑ ቂም የያዘ እንዳይቀርብ ሲያውጅ ሰምቻለሁ፤ ወረቀቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሥራ ስምንቱን ሰዓት በደቂቃ ጠብቄ፣ ልቤን እንዳለ ይዤ ቀረብኩ። ይህ ሐሳብ ቀኑን ሙሉ እንደ አሸዋ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ቆረቆረኝ።

እሑድ ከሰዓት፣ ግብዣው

ዶሮው የናቲ እናት የሠሩት ነው፤ ጨው ትንሽ አንሶታል። ቀሲስም ለተብርሃንም በማዕዱ ነበሩ። ሁሉም ተጫውቶ፣ ስቆ፣ ጠግቦ ሳለ ለተብርሃን ከጠረጴዛው ማዶ ጠየቀችኝ።

«ጽጌ፣ መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ዛሬ፣ በአሥር ሰዓት አውቶቡስ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ቆርበሽ?»

ስህተቴ ያኔ ገባኝ። የቆረበ ሰው በዚያን ቀን ሩቅ መንገድ አይሄድም። ጥፍር አይቆርጥም፣ አይታጠብም፣ አይሰግድም፣ አይከራከርም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ኤድመንተን የምኖረው ከቤተ ክርስቲያኑ ዐሥር ደቂቃ ርቄ ነው፤ ቆርቤ ቤቴ ገብቼ ጋደም እላለሁ። የመመለሻ ቲኬቴን ለእሑድ የቆረጥኩት ረክሶ ስላገኘሁት ነው። የምቆርብበትን ቀንና የምሳፈርበትን ቀን በሁለት የተለያየ ራስ አስቤአቸው ነበር። ይህን ደግሞ የነገረችኝ ማን እንደሆነች አያችሁ።

ናቲ ሊያድነኝ ሞከረ። «እትዬ ለተ፣ ያ ሩል እኮ ሰው በእግሩ ሲሄድ የወጣ ነው። ባስ ላይ ሲት ይዘው መተኛት ነው።»

«በቅሎም ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሄዱት» አለችው ለተብርሃን።

«እኔ ዊኒፔግ ቆርቤ ልጄ ቤት ሄጃለሁ፤ አንድ ሰዓት ያስነዳል» አሉ የናቲ እናት፤ ወዲያው ግን ማለታቸው ቆጫቸው።

«ኦኬ፣ ሩል ካለ ነምበር መኖር አለበት» አለች ማርታ። «ቀሲስ፣ ሩቅ ማለት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

ቀሲስ የዶሮውን ቅልጥም ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ቁጥር የለውም፣ ልጄ። የተከለከለው፣ አካል እንዳይደክም፣ እንዳይወድቅ፣ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ግጭት እንዳይገጥም ነው። ከቁርባን በኋላ ክርክርም እኮ ክልክል ነው፤ እናንተ አሁን የያዛችሁት ምንድን ነው?»

ሁላችንም ወደ ሳህናችን አጎነበስን።

ቲኬቱ ተቃጠለ፤ ይሁን። ጥያቄው የት ልደር የሚለው ሆነ። ናቲ ሰኞ ማልዶ ሺፍት ስላለው አልጋው ያስፈልገዋል፤ ሌላውን ክፍል ሁሉ ዊኒፔግ ይዞታል።

«የእኔ ቤት ባዶ ነው» አለች ለተብርሃን። «ዶቨር ነኝ፤ ሩቅ አይባልም።»

እምቢ ብል ክርክር ነው። እሺ አልኩ።

እሑድ አመሻሽ፣ ዶቨር

ለተብርሃን በዚያ ዕድሜዋ በራሷ መኪና ነው የምትሄደው። ሠላሳ ስድስተኛውን መንገድ ይዛ ወደ ደቡብ ስትነዳ፣ የቀለጠው በረዶ መኪናውን ሁሉ አለበሰው። ዶቨር ቤቶቹ ያረጁና አነስ ያሉ ናቸው፤ ግን ግቢ አላቸው፣ ዛፎቹም ጥላ ለመስጠት ደርሰዋል። የእሷ ቤት ሁለት መኝታ ያለው፣ የሞቀ፣ እንደ መርፌ ቤት የጸዳ ነው። እንከን ፈልጌ አጣሁ።

እንደ ሁለት አዲስ ሙሽሮች ተፋጥጠን ሻይ ጠጣን። እሷ ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ፤ እኔ ስለ ደም ግፊቴ። ወደ ድሮው የሚያደርስ ወሬ ሲመጣ ሁለታችንም መንገድ እንቀይራለን። አሥመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች ስለሆነች አማርኛዋ ከብዙዎቻችን የጠራ ነው፤ ድሮም ይህ ያናድደኝ ነበር። የአውራ ጣቴ ጥፍር በቦርሳዬ ዚፕ ተሰብሮ ነበርና ነጠላዬን እየያዘ አስቸገረኝ። መቁረጫ አመጣችልኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም አስታወስን፤ መልሳ ወሰደችው።

«ጽጌ» አለች ስትመለስ «ዛሬ መጨቃጨቅ አንችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ግን ይቻላል።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከቁርስ በኋላ ይሁን። በባዶ ሆድ ክፉ ነሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ጠግቤም ክፉ ነኝ። ደግሞ እርስዎ የምትይኝ ከመቼ ወዲህ ነው? ድሮ ሆቴል ስንሠራ አንሶላ አብረን አጥፈን የለም እንዴ!»

ሳቄን ለመደበቅ ስኒውን አፌ ላይ አቆየሁት። ሌሊቱን በሙሉ እንደ ሕፃን ተኛሁ፤ ይህም አናደደኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ ቀጠሮው

እንቁላል በቃሪያ ጠበሰች፤ በላን። ሳህኖቹን አጠበች፣ እጇን አደረቀች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «እሺ፣ ጀምሪ» አለችኝ።

መነጽሬን አደረግኩ፤ ወረቀቱን አወጣሁ፤ ሰባቱንም አነበብኩላት። ለብዙ ዓመት ሳሳምረው የኖርኩት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

«ሦስተኛዋን ድገሚልኝ» አለች።

«አራት ካህናት እርስዎ መሳሳትዎን መስክረዋል።»

«አራት! እኔ አንድ ነው የጠየቅኩት።»

«ምን አሉ?»

«ተሳስተሻል አሉኝ።»

«መቼ?»

«ማርታ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልደወሉም?»

«አንቺ ኤድመንተን ነበርሽ።»

«ኤድመንተን ስልክ አለ!»

«አለ» አለች። ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ጠረገች። «አሥመራ አክስቴ አንዲትን እናት እንዲያ ስታስቆም አይቼ ነበር። ሕግ መሰለኝ፤ ማንንም ሳልጠይቅ ሕግ አደረግኩት። ስህተት መሆኑን ሳውቅ ደግሞ አፈርኩ። እኔ ሳፍር ዝም አልልም፤ ሌላውን መቆጣት እጀምራለሁ። በሰልፉ ላይ የተቆጣኋቸውን ሴቶች ብትቆጥሪ! አጥፍቻለሁ፣ ጽጌ። ልጅሽን መንጠቅ አልነበረብኝም።»

ይኸው፣ ቃሉ። ስሰማው ምን እንደምመልስ አስቤበት አላውቅም ነበር፤ ወረቀቱም ስምንተኛ ዓረፍተ ነገር የለውም። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ጨረስሽ?» አለች። «አሁን የእኔ ተራ ነው። ቡናውስ?»

ለአንባቢ ልግለጥ፤ ሌላው ሁሉ ከተነገረ ይህ ሊቀር አይገባም። ኤድመንተን በገባን ሰሞን «ያቺ ለተብርሃን እኔን የከለከለችኝ እሷ ራሷ ቡና ጠጥታ ስትቆርብ አይቻታለሁ» ብዬ አውርቻለሁ። ለአንድ ሰው አይደለም። ያየሁት ግን ማርታ ክርስትና በተነሣችበት ጠዋት፣ በአዳራሹ በር ላይ ቡና በእጇ ይዛ ቆማ ነው።

«ጠጣሁ?» አለችኝ። ድምፅዋ ቀነሰ። «ከንፈሬ ሲነካው አየሽ?»

«አላየሁም» አልኩ።

«የአዳራሹ ጠባቂ ነው የሰጠኝ፤ ምስኪን ሽማግሌ ፈረንጅ። በረዶ ሲጠርግ አይቶኝ በርዷት ይሆናል ብሎ። እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ያዝኩት፤ እጄን አሞቀልኝ፤ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ገባሁ። ወሬው ካልጋሪ ሲደርስ ሰዎች ከእኔ ኋላ መሰለፍ ተጠየፉ። አንዲቱ ፊት ለፊት ነው የጠየቀችኝ። ማን እንዳወራ አውቅ ነበር።»

«አውቀው ነው ቤትዎ ያሳደሩኝ?»

«ዶቨር ሩቅ አይባልም ብያለሁ እኮ።»

እኔ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀስኩም። «አጥፍቻለሁ» አልኳት። ስትሰማው ከእኔ የተሻለ መልስ ነበራት፤ ተነሥታ የጥፍር መቁረጫውን አመጣችልኝ።

በአምስት ሰዓት ወደ አውቶቡሱ አደረሰችኝ። አዲሱ ቲኬት ስልሳ ሁለት ዶላር ሆነ። ስንሰነባበት ሦስት ጊዜ ተሳሳምን። ወዳጆች ሆነናል አልልም። እሷ ዛሬም ትእዛዝ ትወዳለች፤ አውቶቡሱ ሲነሣ እንኳ በመስኮት ቀበቶዬን እንዳስር በእጇ ታመለክት ነበር።

ኤድመንተን፣ ቤቴ

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ቺኑኩ ኤድመንተን አልደረሰም፤ ካፖርቴ ክብሩን አገኘ። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በልቤ ቂም ይዤ መቁረቤንም፣ ቡናውንም። ብዙ ስግደት ያዙኛል ብዬ ጉልበቴን እያሰብኩ ነበር። እሳቸው ግን «ያወራሽው ለእነማን ነው?» አሉኝ። «ለእያንዳንዳቸው አላየሁም በያቸው። ከዚያ ትቆርቢያለሽ።»

አሥራ ስምንት ሰዓት መጾም ለእኔ ምንም አይደለም። ስልክ አንሥቶ «ያን ጊዜ የነገርኩሽ ውሸት ነው» ማለት ግን ሌላ ነው። ቁጭ ብዬ ስም ስጽፍ አሥራ አንድ ደረሰ። ሁለቱ አርፈዋል። አምስቱን ደውዬ አገኘኋቸው። አንዷ ጭራሽ ረስታዋለች። ሌላዋ «እኔማ ያኔም አላመንኩሽም» አለችኝ። አንዷ ደግሞ ሳቀችና «ዛሬ ነው የምትነግሪኝ? እኔ እኮ ቶሮንቶ ድረስ አውርቼዋለሁ» አለችኝ።

አራቱን ግን የት እንዳሉ አላውቅም፤ ቶሮንቶ የሰሙትንም ስማቸውን አላውቅም። ይህን የጉዞ ማስታወሻ ጽፌ እንዲነበብ የሰጠሁት ለዚህ ነው። ከእኔም ከሌላም የሰማችሁ ካላችሁ እወቁት፤ እትዬ ለተብርሃን በዚያን ጠዋት ቡና አልጠጣችም።